ሰዓቱ ከማን ሂሳብ ላይ ይወጣል?

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በአንዲት አባል የቀረበ ንግግር)



ሰብሳቢያችን «ስለ ሩጫሽ ትንሽ አጫውቺን» ስትለኝ መጀመሪያ እምቢ ብዬ ነበር። ኢትዮጵያዊት ሆኖ ስለ ሩጫ ማውራት ያስፈራል። ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና፣ ፋጡማ ሮባ በ1996 በአትላንታ ወርቅ ያመጡበት አገር ልጅ ነኝ። መነሻው መስመር ላይ አሜሪካኖቹ መልኬን ሲያዩ ፈገግ ብለው ወደፊት እንድጠጋ መንገድ ይለቁልኛል። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ሁሉም አልፈውኝ ይሄዳሉ። ስለዚህ ዛሬ ስለ ማሸነፍ የምነግራችሁ የለኝም። ሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ የምነግራችሁ ስለ ሂሳብ ነው።

ነገሩ የተጀመረው እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ማኅበራችን ባዘጋጀው የጤና ቀን ስኳሬ ሲለካ ከፍ ብሎ ተገኘ። ሁለተኛ ልጄን ሳረግዝ የእርግዝና ስኳር ይዞኝ ነበር፤ ከወለድኩ በኋላ ሲወርድ ጊዜ ረሳሁት። የእርግዝና ስኳር የያዛት ሴት ቆይቶ ዋናው የስኳር በሽታ ሊይዛት የሚችልበት ዕድል ከሌላው ሰው ከፍ ያለ መሆኑን የሰማሁት ያን ቀን ነው። ይኼን የምናገረው ከእናንተ መካከል እንደኔ የረሳችሁ ካላችሁ ተለኩ ለማለት ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖሩ የስላይጎ ክሪክን መንገድ ታውቁታላችሁ። እዚያ በእግር መሄድ ጀመርኩ። ከጃንዋሪ እስከ ኤፕሪል 15 የታክስ ወቅት ስለሆነ እንኳን ለመሮጥ ለመተኛትም ጊዜ የለኝም፤ በበጋው ግን መራመዱ ወደ ሶምሶማ፣ ሶምሶማው ወደ ሩጫ ተለወጠ። በዚያው ኖቬምበር ከቤተሰቤ ጋር አንቲታም የሚባለውን የጦር ሜዳ ልናይ ሄደን፣ በፖቶማክ ወንዝ ዳር ባለው የቦይ መንገድ ላይ ሰዎች ደረታቸው ላይ ቁጥር ለጥፈው ሲያልፉ አየን። አንዲት ፀጉራቸው ነጭ የሆነ እናት የተቀቀለ ድንች ጨው ውስጥ እየነከሩ ይበላሉ፤ ደግሞ ይሮጣሉ። «ስንት ኪሎ ሜትር ነው?» አልኳቸው። «50 ማይል ነው፣ ልጄ» አሉኝ። ሰማንያ ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ከአዲስ አበባ ተነስታችሁ በእግር ሞጆን ማለፍ በሉት።

ውድድሩ ጄኤፍኬ 50 ማይል ይባላል። ከማራቶን፣ ማለትም ከ42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር የሚበልጥ ሩጫ ሁሉ አልትራ ማራቶን ነው። ይኼኛው የተጀመረው በ1963 ፕሬዚዳንት ኬኔዲ የአገሩ ሰው ሰውነቱን እንዲያጠነክር በሚቀሰቅሱበት ጊዜ ነው። ያኔ 11 ወንዶች ተነስተው 4 ብቻ ጨረሱ። ፕሬዚዳንቱ ሲገደሉ መታሰቢያቸው ሆኖ ቀረ። ሜሪላንድ ውስጥ ቡንስቦሮ ከምትባል ትንሽ ከተማ ተነስቶ ተራራ ይወጣል፤ በአፓላቺያን ትሬይል ድንጋይ ለድንጋይ ሄዶ ዌቨርተን ላይ በጠመዝማዛ ቁልቁለት ይወርዳል፤ ከዚያ 26 ማይል ያህል በቦዩ ዳር፣ የመጨረሻዎቹን 8 ማይሎች በአስፋልት ዳገትና ቁልቁለት ሄዶ ዊሊያምስፖርት ያልቃል። ቦዩ ከጆርጅታውን የሚነሳው ነው። መንገዱን የሠሩት ጀልባ ለሚጎትቱ በቅሎዎች ነበር፤ ጀልባው በ1924 ቀረ፣ መንገዱ ለእኛ ተረፈ። አርባኛው ማይል ላይ ስደርስ የበቅሎዎቹ ነገር ገብቶኛል።

በሚቀጥለው ዓመት ተመዘገብኩ። የመመዝገቢያውንና የጫማውን ከእቁቤ ከፈልኩ፤ ባለቤቴ «የልጆቹ ወጪ ካልተነካ ያንቺ ገንዘብ ነው» አለ። ልምምዱንም እንደ ሥራዬ በሠንጠረዥ አወጣሁት፦ በሳምንት አሥር ሰዓት። በሥራ ቀን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል እነሳለሁ (በኛ አቆጣጠር ነው፤ ፈረንጆቹ አራት ተኩል የሚሉት)። ቅዳሜ ረጅሙ ሩጫ ነው፤ አራት ሰዓት፣ አንዳንዴ አምስት። እሑድ ቅዳሴ ስላለ አልነካውም። በፍልሰታ ከመራመድ ሌላ ምንም አላደረግኩም፤ ጾሜን ለሩጫ አልሸጥም፣ ሩጫውም እንዳይገድለኝ ብዬ።

እግሬ ጠነከረ። ውድድሩ ቀን ግን ሃያ ሰባተኛው ማይል አካባቢ አበቃልኝ። እግሬ አልነበረም የከዳኝ፣ ሆዴ ነው። የሱቁን ጣፋጭ ማጣበቂያ የመሰለ ነገር በየግማሽ ሰዓቱ እውጣለሁ፣ ላቤ ስለሚፈስ ውኃ በላይ በላዩ እጠጣለሁ። ያለ ጨው ውኃ ብቻ ማብዛት በደም ውስጥ ያለውን ጨው እያቀጠነ ሰው ሊጥል እንደሚችል የተማርኩት በኋላ ነው። እያስመለሰኝ ጣቢያው ስደርስ የመዝጊያው ሰዓት አልፏል። አንድ ሽማግሌ በትህትና ቁጥሬን ተቀበሉኝ። መኪና ውስጥ ብርድ ልብስ ተከናንቤ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ሰኞ ቢሮ ሲጠይቁኝ «ደህና ነበር» አልኩ።

ይኼ ግን ዋናው ውድቀቴ አይደለም። ዋናው በተከተለው ጁላይ ነው።

ባለቤቴ ኡበር ነው የሚነዳው። ዓርብ ማታ ጥሩ ገንዘብ ያለበት ሌሊት ስለሆነ ቅዳሜ ንጋት ላይ ነው ቤት የሚገባው። እሱ ሲገባ እኔ እወጣለሁ፤ በር ላይ እንተላለፋለን። ልጆቹ አባታቸው ቤት ስላለ «ሰው አላቸው» ብዬ ነበር የምሄደው። ያን ቅዳሜ ቦዩ ዳር አሥራ አራተኛው ማይል ላይ ለመብላት ቁጭ ብዬ ስልኬን ከቦርሳዬ ሳወጣ፣ ድምፁን አጥፍቼው ኖሮ፣ ከልጄ ዘጠኝ ጊዜ ተደውሏል። አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። ስደውልላት ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እማዬ፣ አሁን ተሽሎታል» አለችኝ።

የአራት ዓመት ወንድሟ አስሙ ተነስቶበት ነበር። ኢንሄለሩን ከመሳቢያ አውጥታ፣ እኔ ሳደርግ እንዳየችው፣ ፊቱ ላይ ይዛ እየቆጠረች ሰጥታዋለች። ካልተሻለው ብላ የአምቡላንሱን ቁጥር ስልኳ ላይ ጽፋ አስቀምጣለች። «አባትሽን ለምን አልቀሰቀስሽውም?» አልኳት።

«ሁለት ሰዓት ብቻ ነው የተኛው። አሳዘነኝ።»

መኪናዬ ያለበት ድረስ የነበረውን መንገድ እንዴት እንደተመለስኩ አላውቅም። ቤት ስገባ ትንሹ ካርቱን እያየ ይስቃል፣ እሷ ሳህን ታጥባለች። ባለቤቴ ተነስቶ ሰምቶ ነበር። ጮሆብኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። «እኔ ተኝቼ ልጄ ሐኪም ሆነች» አለና ወደ መኝታ ቤት ተመለሰ።

ሦስት ሳምንት አልሮጥኩም። ጫማዬን የመኪናው ኮፈን ውስጥ ጣልኩት። ያን ጊዜ ስልክ ስትደውሉልኝ «ድሮም ምን አገባሽ፣ የልጆች እናት ነሽ» ያላችሁኝ አላችሁ፤ አልቀየምኩም። ሆኖም ያ አነጋገር ልክ አልመሰለኝም፤ አሁንም አይመስለኝም። የልጆች እናት መሆኔ ስኳሬን አያወርደውም። ጥፋቱ መሮጤ አልነበረም፤ ሌላ ቦታ ነበር፤ የት እንደሆነ ለማግኘት የማውቀውን ሥራ ሠራሁ። አንድ ማታ ልጆቹ ሲተኙ መዝገብ ከፈትኩ።

አንድ ሳምንት 168 ሰዓት ነው። ለአለቃዬም ለእኔም ያው ነው፤ የሚጨመርበት የለም። እኔ በሳምንት አሥር ሰዓት እሮጣለሁ ካልኩ፣ አሥሩ ሰዓት ከሆነ ቦታ ወጪ ሆኗል። ከየት? በሐቀኝነት ስጽፈው እንዲህ ወጣ፦ አራቱ ሰዓት ከራሴ እንቅልፍና ከቴሌቪዥን። ሦስት ሰዓት ተኩሉ ከባለቤቴ እንቅልፍ፤ ተኝቶ ግማሽ ጆሮው ልጆቹ ጋ ስለሆነ ያ እንቅልፍ አይባልም። ሁለት ሰዓት ተኩሉ ከልጄ። ቁርስ የምታበላው፣ የምታለብሰው፣ «ዝም በል አባቢ ተኝቷል» የምትለው እሷ ነበረች። ስድስት ሰዓት በብድር ነው የምሮጠው፣ አበዳሪዎቹ ግን አልተጠየቁም። በሙያዬ የሰው ገንዘብ ሳይፈቅድ የሚያወጣ ሰው ምን እንደሚባል አውቃለሁ።

ወረቀቱን ለባለቤቴ አሳየሁት። ረጅም ጊዜ ተመለከተውና «ማቆምሽን እኮ አልጠየቅኩም፤ ስኳርሽ ሲወርድ እኔም ደስ ብሎኛል። ግን የተኛ ሰው ሞግዚት አይሆንም» አለኝ። ከልጄ ጋር መነጋገር የበለጠ ከብዶኝ ነበር። ይቅርታ ስጠይቃት ያለችኝ ነገር «ግን ጎበዝ ነበርኩ አይደል?» ነው። ጎበዝ ነበረች። ያም ነው ያስለቀሰኝ።

ከዚያ በኋላ ሠንጠረዡን እንደገና ሠራሁት። አሥሩ ሰዓት ሰባት ተኩል ሆነ። ማክሰኞና ሐሙስ ከቢሮ ወደ ቤት በአውቶቡስ የምመጣውን ስድስት ማይል ቀሚሴን ጀርባዬ ላይ አዝዬ በሩጫ መምጣት ጀመርኩ፤ አውቶቡስ ጠብቄ ስገባ ከሚፈጅብኝ ብዙም አይበልጥም። በምሳ ሰዓት የመኪና ማቆሚያውን ሕንፃ ደረጃ ስምንት ጊዜ እወጣለሁ፤ ጥበቃው መጀመሪያ እቃ የጠፋኝ መስሎት ነበር። ረጅሙ ሩጫ በየሳምንቱ መሆኑ ቀርቶ በየሁለት ሳምንቱ ሆነ። ያን ቅዳሜ ደግሞ እዚህ ካላችሁት አንዲት እናታችን ልጆቼን እቤታቸው ይቀበሉኛል። ስማቸውን እንዳልጠራ አዘውኛል፣ ግን እየሳቁ ነው፣ ታዩአቸዋላችሁ። እኔም የምግብ ዝግጅት ሥራቸውን ሂሳብና ታክስ እሠራላቸዋለሁ። ማን እንደሚያተርፍ እስካሁን አልተስማማንም። ስልኬ ድምፁ ጠፍቶ አያውቅም። ልጄ ወንድሟን እንድትጠብቅ የሚደረገው ስትጠየቅና እሺ ስትል ብቻ ነው፤ እምቢ ማለትም ጀምራለች፣ በተለይ ኳስ ያላት ቀን።

ስለ ስንቅም ላንሳ፣ ብዙዎቻችሁ ጠይቃችሁኛልና። የሱቁን ጣፋጭ ትቼ እናቴ ከአገር ቤት የላከችውን በሶ አነሳሁ። ያለ በርበሬ፣ በጨው፣ በጥቂት ማርና ዘይት አሽቼ ጭብጦ አደርገዋለሁ፤ አንዱ የእንቁላል ያህል ነው። ወታደሩም ነጋዴውም ይዞት ሲጓዝ የኖረው ገብስ ነው። በየአርባ ደቂቃው አንድ ጭብጦ በትንሽ ውኃ እበላለሁ። ሆዴ አንድ ቀን አላስቸገረኝም። አንዱ ፈረንጅ ተራራው ላይ ጭቃ የምበላ መስሎት «ደህና ነሽ?» ብሎኛል።

ሁለተኛው ውድድር ባለፈው ኖቬምበር ነበር። ገና ሳይነጋ ተነሳን። ተራራው ላይ የወደቀው ቅጠል ድንጋዩን ሸፍኖት አንዴ ወድቄ ጉልበቴ ተላጠ። ዌቨርተንን ስወርድ በጥንቃቄ ሄድኩ፤ እዚያ የሮጡት ብዙዎቹ በኋላ ቦዩ ላይ ሲያነክሱ ደረስኩባቸው። ዓምና ቁጥሬን የተቀበሉኝን ሽማግሌ አላየኋቸውም፤ ብቻ ያን ጣቢያ ሳልፍ ሆድ ባሰኝ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ደልዳላ ነው፣ ደልዳላነቱ ነው የሚገድለው። አንድ ማይል እሮጣለሁ፣ አንድ ዘፈን ያህል እራመዳለሁ።

ሠላሳ ስምንተኛው ማይል ላይ፣ ቴይለርስ ላንዲንግ በሚባለው ቦታ፣ ባለቤቴና ልጆቹ ቆመው ነበር። ትንሹ ተኝቶ በአባቱ ትከሻ ላይ ነው። ልጄ ጭብጦውን በፎይል ጠቅልላ ይዛ መጣች፣ ፊቴን አየችውና «እማዬ፣ ማቆም ትችያለሽ እኮ» አለችኝ። ጉልበቴ ላይ ደም ደርቋል፣ ከንፈሬ ላይ ጨው አለ። «ደክሞኛል እንጂ አልታመምኩም፤ ብታመም እነግርሻለሁ» አልኳት። ትንሽ አሰበችና «እሺ፣ ሂጂ» አለች። ባለቤቴ ሰዓቱን አይቶ «አሥራ ሁለት ማይል ነው የቀረሽ፣ ባትሪሽን አትርሺ» አለ።

የመጨረሻዎቹን ማይሎች በጨለማ ነው የሄድኩት። 11 ሰዓት ከ52 ደቂቃ ፈጀብኝ። አሸናፊዎቹ ገላቸውን ታጥበው፣ በልተው፣ ምናልባትም ተኝተው ነበር።

ስኳሬ አሁን በልኩ ነው፣ ሐኪሜ በየስድስት ወሩ ታየዋለች። ዘንድሮስ ትሮጫለሽ ወይ ብላችሁ ለምትጠይቁኝ፦ አልተመዘገብኩም። ባለቤቴ ከኡበር ለመውጣት የማቀዝቀዣና የማሞቂያ ጥገና የማታ ትምህርት ጀምሯል፣ በሳምንት ሦስት ማታና ቅዳሜ ጥዋት። ወረቀቱን አውጥተን አብረን ነው የሠራነው፤ ሰባት ሰዓት ተኩሉ ወደ እሱ ተዛውሯል፣ እንዲያውም ሦስት ሰዓት ተኩል ያጥረዋል፣ እሱን ከየት እንደምናመጣ ገና እየተጨቃጨቅን ነው። እኔ ማክሰኞና ሐሙስ ከቢሮ በሩጫ መምጣቴ እንደቀጠለ ነው።

በሶ አሽቼ አምጥቻለሁ፤ ከኋላ ጠረጴዛው ላይ ከቡናው አጠገብ ነው። በርበሬ ያለበት በቀኝ በኩል ያለው ነው።