የጥንት ፎኖግራፍ እውነተኛነቱ በምን ይታወቃል?



ከመካከላችሁ ብዙዎቹ በየመሥሪያ ቤታችሁ መዝገብ ስትመረምሩ የምትውሉ ስለ ሆነ፥ አንድ ደብዳቤ ሐሰተኛ መሆኑ የሚገለጸው ብዙውን ጊዜ በጽሕፈቱ መክፋት ሳይሆን፥ ቀኑና ማኅተሙ፥ ወረቀቱና ፊርማው እርስ በርሳቸው ባለመስማማታቸው መሆኑን ታውቃላችሁ። በኅዳር ተጻፈ በተባለው ደብዳቤ ላይ በሰኔ የተሾመ ሹም ፈርሞበት ቢገኝ ሌላ ምስክር መጥራት አያስፈልግም። የጥንት ፎኖግራፍና ግራሞፎንም የሚመረመረው በዚሁ ሥርዓት ነው።

ይህን እንድንናገር ያነሣሣን ምክንያት አለ። የጥንት ዕቃ በሚሸጥበት ሱቅ መስኮት፥ ትልቅ የናስ ጡሩምባው እንደ ፀሐይ የሚያበራ፥ በሣጥኑም ላይ ጡሩምባ የሚያዳምጥ ውሻ የተሳለበት ግራሞፎን ልታዩ ትችላላችሁ። ሻጩም ዋጋውን ከመጥራቱ በፊት ታሪኩን ይጠራል፤ በአንድ መኰንን ቤት የነበረ ዕቃ መሆኑን፥ ነገሩን ለማክበድ ሲፈልግም በዳግማዊ ምኒልክ ግቢ የእንግሊዝ ንግሥት ቃል የተሰማበት እሱ ራሱ መሆኑን ይነግራችሁ ይሆናል። ለጡረታ ለሚወጡ አለቃቸው ስጦታ ለመግዛት ገንዘብ ያዋጡ ባልደረቦች ዐይናቸው የሚያርፈው በእንዲህ ያለው ላይ ነው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አስቀድሞ ሁለቱን መኪናዎች መለየት ይገባል። ዓመታቱን ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው። ቶማስ ኤዲሰን በ1877 የፈለሰፈው ፎኖግራፍ ድምፅን የሚቀርጸው በክብ ቱቦ ላይ ነበር፤ ቱቦው በመጀመሪያ ስስ የቆርቆሮ ቅጠል የተጠቀለለበት ሲሆን፥ በኋላ ግን ከሰም ይሠራ ጀመር። ኤሚል በርሊነር በ1887 ያስመዘገበው ግራሞፎን ደግሞ የሚሠራው በጠፍጣፋ ሰሌዳ ነው፤ እኛ ሸክላ ብለን የምንጠራው ይህን ነው። ፎኖግራፉ የተቀረጸውን ማሰማት ብቻ ሳይሆን፥ በቤት ውስጥ አዲስ ድምፅ መቅረጽም ይችል ነበር። ለገበያ የቀረበው ግራሞፎን ግን በፋብሪካ የተዘጋጀውን ሸክላ ከማጫወት በቀር ሌላ ሥራ አልነበረውም።

እንግዲህ ንግሥት ቪክቶሪያ በ1898 ለዳግማዊ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ የላኩት የሰላምታ ቃል የተቀረጸው በሰም ቱቦ ላይ ነው። ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌይቱም በ1899 መልሳቸውን እንዲሁ በሰም ቱቦ አስቀርጸው ልከዋል። የንግሥቲቱ ቱቦ ከተሰማ በኋላ እንዲጠፋ የታዘዘ ስለ ነበር፥ ማንም ሰው «ቱቦው ከእኔ ዘንድ አለ» ቢል ብርቱ ማስረጃ ሊጠየቅ ይገባዋል። በመስኮት የሚያበራው የሸክላ ማጫወቻ ግን ምንም ምርመራ ሳይደረግበት ከዚህ ታሪክ ይወጣል፤ ያን ቃል ማሰማት የሚችል መኪና አይደለምና። ውሻውም ራሱ ይመሰክርበታል። ሠዓሊው ፍራንሲስ ባራውድ ውሻውን የሣለው ፎኖግራፍ ሲያዳምጥ አድርጎ ነበር፤ የግራሞፎን ኩባንያ ሥዕሉን በ1899 ሲገዛ ፎኖግራፉ ጠፍቶ በላዩ ግራሞፎን ተሣለበት። በ1898 በተሠራ መኪና ላይ ይህ ምልክት ከፋብሪካ ታትሞ ሊወጣ እንደማይችል ግልጽ ነው።

አስመስሎ መሥራቱ እንዴት እንደሚከናወንም ማወቅ ይጠቅማል። እንዲህ ያሉት ግራሞፎኖች በተለይ በህንድ አገር በብዛት ተሠርተው በዓለም ገበያ ተሰራጭተዋል። ሠሪዎቹ እንደ ሻንጣ ተከድኖ በእጅ ከሚያዝ ከኋለኛው ዘመን ግራሞፎን ሞተሩንና መርፌ የሚይዘውን የድምፅ ሣጥን ያወጣሉ፤ አዲስ የእንጨት ሣጥን ሠርተው ሞተሩን ይገጥሙበታል፤ ከስስ ናስ የተመታ ትልቅ ጡሩምባም ይተክሉበታል። ስለዚህ ሻጩ «ሞተሩ የጥንት ነው» ብሎ ቢምል እውነቱን ሊሆን ይችላል። ሐሰቱ ያለው በአንዱ ክፍል ላይ ሳይሆን፥ በአንድነት ተወልደው ያልኖሩትን ክፍሎች የአንድ ቤት ልጆች ናቸው በማለቱ ነው።

ስለዚህ መርማሪው ከጡሩምባው ማማር ዐይኑን ያንሣ። ናስ ሁሉ ሐሰት ነው ማለታችን አይደለም፤ ነገር ግን ከ1900 በኋላ ከወጡት ከእውነተኞቹ የብዙዎቹ ጡሩምባ ቀለም የተቀባ ብረት ወይም እንጨት ነበር። የጡሩምባውን አንገት ይመልከት፤ በመልካሙ መኪና አንገቱ ቀስ በቀስ እየሰፋ ይሄዳል፤ በአስመሳዩ ግን ብዙ ጊዜ እንደ ውሃ ቧንቧ ተጣጥፎ በወፍራሙ ተበይዷል። የድምፅ ሣጥኑ ፊት ከምን እንደ ተሠራ ይመርምር፤ በቀደምቶቹ ላይ ሚካ የሚባለው እንደ መስተዋት ብርሃን የሚያሳልፈው ማዕድን ሲገኝ፥ በኋለኞቹ ላይ የአሉሚኒየም ቅጠል ይገኛል። እንደ ቪክቶር ያሉ ኩባንያዎች ከሣጥኑ ጋር ያጣበቁት የብረት ሰሌዳ የዐይነቱን ስም፥ የመኪናውን ቍጥርና የፈጠራ መብቱን ቀን ስለሚይዝ፥ በላዩ የተጻፈው ቀን ሻጩ ከሚለው ዓመት በኋላ የሚውል ከሆነ ክርክሩ አበቃ።

ከሁሉ ይልቅ እኛ የምንወደው ምስክር ቪቴ ነው፤ ትንሽ ስለ ሆነ አታላዩ ይረሳዋልና። ባለ መስቀል ራሱ ቪቴ በ1930ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ የወጣ ነው። አንድ ብቻ ቢገኝ ጠጋኝ ለውጦት ይሆናል። ሞተሩን ከሣጥኑ ጋር የያዙት ሁሉ መስቀል ራስ ሆነው ሳለ «መኪናው የ1905 ነው» ሲባል ግን ካቻቪቴውን አስቀምጦ መሄድ ነው።

ይህን ሁሉ የምንለው ገንዘባችሁን ለማዳን ብቻ አይደለም። የሚያሳዝነው ሌላው ወገን ነው። ጡሩምባው የወላለቀ፥ ቀለሙ የተላጠ፥ ሞላው የተበጠሰ እውነተኛ መኪና ከአያት ጓዳ ወጥቶ በጥቂት ብር ለቆራሌው ሲሰጥ፥ ያ የሚያበራው አስመሳይ በሳሎን መካከል ይቀመጣል። እንግዳም የሚያደንቀው እሱን ነው።

ስለዚህ በቤታችሁ እንዲህ ያለ አሮጌ ነገር ቢኖር አሸዋና ሎሚ አታስነኩት፤ አዲስ ቀለምም አታስቀቡት። የብረት ሰሌዳው ከተነቀለ ፈልጋችሁ ከመኪናው ጋር አኑሩት። የተጠገነ ክፍል ቢኖርበት ነውር የለውም፤ መቼና በማን እንደ ተጠገነ ይጻፍ። ዕቃውን ማን እንደ ገዛው፥ ከየትኛው አገር እንደ መጣ የሚያውቁ ሽማግሌ ካሉም ቃላቸውን ዛሬውኑ ተቀብላችሁ ከነቀኑ አስፍሩት። የምትገዙ እንደ ሆነ ደግሞ ሻጩ በአፉ የተናገረውን ዓመትና ታሪክ በደረሰኙ ላይ ጽፎ እንዲፈርምበት ጠይቁት። ደረሰኙ ላይ «አንድ ግራሞፎን» ብቻ ሊጽፍ ከፈለገ፥ የሚከፈለውም ዋጋ የአንድ ግራሞፎን ይሁን።