ባጃጅ በክረምት

በአሽከርካሪ አባላት ስም ለማኅበሩ ስብሰባ የቀረበ ንግግር



ባጃጅ የምንነዳ አባላት በየስብሰባው አንድ ጥያቄ ይቀርብልናል፤ «ክረምቱን ለምን አታርፉም? አደጋ አይደለም ወይ?» ትሉናላችሁ። የምትጠይቁን ስለምታስቡልን ነውና ዛሬ በደንብ ልናስረዳችሁ ወደድን።

ባሕር ዳር የዓመቱን ዝናብ አብዛኛውን የምታገኘው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ሐምሌና ነሐሴ ይብሳሉ። እነዚሁ ወራት እህል የሚወደድባቸው ናቸው፤ ወዲያው ተከትሎ የልጆች ምዝገባ፣ ደብተርና ዩኒፎርም ይመጣል። ባጃጇ ክረምቱን ከቆመች እቁቡም፣ የብድሩ ክፍያም፣ የልጆቹ ደብተርም አብሮ ይቆማል። ስለዚህ እንሠራለን።

እውነቱን ለመናገር ባጃጅ ለጭቃ አልተሠራችም። ቸርኬዋ 8 ኢንች ብቻ ነው። ባለ አራት ጎማ መኪና ጉድጓድ ሲያይ በግራና በቀኝ ጎማዎቹ መካከል ያሳልፈዋል። የእኛ የፊት ጎማ ግን መሀል ላይ ስለሆነ፣ ከጎን ያለውን ጉድጓድ ብናመልጥ የመሀሉ ያገኘናል። የጭነት መኪና ጭቃውን አርሶ ሲያልፍም የፊት ጎማችን በመሀሉ ጉብታ ላይ ይንሸራተታል። ከአስፋልት ወጥቶ ወደ ዘንዘልማ ወይም ወደ ሰባታሚት ውስጥ ለውስጥ የሄደ ሁሉ ይህን ያውቃል። በዚያ ላይ ከተማችን ከጣና ዳር ሜዳ ላይ ያረፈች ናትና የዘነበው ውኃ ቶሎ አይሄድም።

እንዲህ ያለ ነገር የገጠመን ግን እኛ ብቻ አይደለንም። በረዶ በሚወርድባቸው አገሮች ዝቅ ያለች የስፖርት መኪና ክረምቱን ሙሉ ሥራ የሚመላለሱባት ሰዎች አሉ። ፖርሽ 911 የምትባለው የጀርመን መኪና ሞተሯ ከኋላ ነው፤ የሚገፏትም የኋላ ጎማዎቿ ናቸው፤ ልክ እንደ ባጃጃችን! ይህችው መኪና በ1968፣ በ1969 እና በ1970 እ.ኤ.አ. በበረዷማ ተራራ ላይ የሚካሄደውን የሞንቴ ካርሎ ራሊ ሦስት ጊዜ አከታትላ አሸንፋለች። የሞተሩ ክብደት በሚገፉት ጎማዎች ላይ ስለሚያርፍ መሬቱን ይይዙላታል። ቢሆንም ያለ ክረምት ጎማ አይሆንም፤ ጀርመን በረዶ ባለበት መንገድ ላይ ያለ ክረምት ጎማ መንዳትን ከልክላለች። መኪናው ምንም ይሁን ምን መሬት የሚነካው ጎማው ነው።

እኛም በክረምት የምንጠብቃቸው አራት ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው ጎማ ነው። ጥርሱ ያለቀ ጎማ በበጋ ያደርሳል፤ በረጠበ ኮብልስቶን ላይ ግን እንደ ሳሙና ያሟልጫል።

ሁለተኛው ፍሬን ነው። በውኃ ካለፍን በኋላ ፍሬኑ ቶሎ አይዝም። ቀስ ብለን እየሄድን ደጋግመን በስሱ እየረገጥን እናደርቀዋለን። መታጠፊያ ሳንደርስ ፍጥነት እንቀንሳለን እንጂ እየታጠፍን አንረግጥም፤ አንድ የፊት ጎማ ሁለቱን ሥራ በአንድ ጊዜ አይችልም።

ሦስተኛው ሰው ነው። ዝናብ ሲጥል መንገደኛው «እባክሽ እህቴ፣ ጠጋ ጠጋ እንበል» ይላል። ያሳዝናል፤ ግን ከሦስት ሰው በላይ አንጭንም። ጭነት ሲበዛ ባጃጅ ቶሎ አትቆምም፤ ስትታጠፍም ለመገልበጥ ትቀርባለች።

አራተኛው ውኃ ነው። ታቹ የማይታይ ውኃ ውስጥ ቀድመን አንገባም። ከቸርኬው መሀል በላይ ከሆነ እንመለሳለን። የሚወርድ ጎርፍ ከሆነ ጭራሽ አንሞክረውም፤ ባጃጅ ቀላል ናት፣ ይወስዳታል።

ዋናው ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። ከመካከላችን ብዙዎቻችን የራሳችን ባጃጅ የለንም፤ ለባለቤቱ የቀን ገቢ እናስገባለን። ዝናብ ዋለ ተብሎ ገቢው አይቀነስልንም። ስለዚህ ውኃ ፊት የቆመች እህታችን የምታሰላው የውኃውን ጥልቀት ብቻ አይደለም፤ ማታ የምታስረክበውንም ብር ታሰላለች። በእጇ ጥቂት ገንዘብ ያላት ትመለሳለች። ምንም የሌላት ትገባለች። ሰው ይህን ድፍረት ይለዋል፤ እኛ ግን ችግር መሆኑን እናውቃለን። ከኋላዋ የተቀመጡት ደግሞ የእናንተ ልጆች ናቸው።

ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ከጥቅምት እስከ ግንቦት፣ መንገዱ ደረቅ በሆነበትና ሥራ ባለበት ጊዜ፣ እያንዳንዳችን በየሳምንቱ ጥቂት ብር ለብቻው በሆነ «የክረምት ሣጥን» እናስቀምጥ። ገንዘቡ ለሁለት ነገር ብቻ ይውላል፤ ከሰኔ በፊት ጎማ ለመቀየር፣ እና ከጎርፍ ፊት የተመለሰች አባል የዕለቱን ገቢ እንድትሸፍን። የተበደረችው በበጋ ትመልሳለች። ሣጥኑንም እንደ እቁባችን በየተራ የሚመረጡ ሦስት አባላት ይያዙት።

ውድ ደጋፊዎቻችን፣ ከእናንተ የምንለምነው አዲስ ባጃጅ አይደለም። ሣጥኑ ሲጀመር ባዶ እንዳይሆን መነሻ ብትጨምሩልን፣ የሚቀጥለውን ሰኔ በጥሩ ጎማ እንቀበለዋለን። መመለስ የሚገባትም እህት ሳትሰጋ ትመለሳለች።

 ክረምቱን በሰላም ያሻግረን።