ቀዩ ጥለት የት ገባ?
(በምሩቃን መገናኛ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



«ስለ ፎቶግራፍ ትንሽ ተናገር» ስትሉኝ፣ ትዝ ያለኝ ያልወጣው ፎቶ ነው።

ከሸዋ ሮቢት አልፌ፣ ማጀቴ ገበያ በጥቁርና ነጭ ፊልም ሳነሳ ዋልኩ። ማሽላ የሚሸጡ አንዲት እናት «እሺ፣ አንሳኝ» ብለው ነጠላቸውን አስተካከሉ። ወዲያው ደግሞ «እስቲ አሳየኝ» አሉኝ። ፊልም ሳይታጠብ ምን ይታያል? «አጥቤ አመጣለሁ» አልኩ።

አዲስ አበባ ገብቼ፣ ማጠቢያውን በ20 ዲግሪ አዘጋጅቼ ሳጥበው 36ቱም ባዶ! ፊልሙ ለካ ከማጠንጠኛው ጋር አልተያያዘም ነበር። ፊልሙን ባሳለፍኩ ቁጥር የመመለሻዋ እጀታ አብራ መዞሯን ብመለከት ኖሮ እዚያው አውቅ ነበር።

ከሀፍረቴ የተነሳ ሁለት ዓመት ቀረሁ። በኋላ ሄጄ እውነቱን ስነግራቸው ሳቁብኝ፤ «እኔ እንደሁ አልጠፋሁ፤ ደግመህ አንሳኛ!» አሉ። አነሳኋቸው፤ አትሜም ወሰድኩላቸው። ትኩር ብለው አዩና «ቀዩ ጥለቴስ የት ገባ?» አሉኝ። ጥቁርና ነጭ ፊልም ቀዩንም አረንጓዴውንም አንድ ዓይነት ግራጫ ሊያደርገው እንደሚችል እኔ አውቃለሁ፤ እሳቸው ግን የለበሱትን ያውቃሉ።

ከዚያ ወዲህ ካሜራዬን ከማንሳቴ በፊት እናገራለሁ፦ «ቀለሙ አይወጣም፤ ፎቶውም ዛሬ አይደርስም።» እሺ ያለ ይነሳል።

እናንተም ዘንድ የጓደኞቻችን ፎቶ በየሣጥኑ ተቀምጧል። ባለቤቱ በሕይወት እያለ አድርሱለት።