ተመልሶ የሚመጣ ፖስታ
(ስለ ደብዳቤ መያዣዎች ንድፍና ስለ ዋጫ እና ቦንጋ የደብዳቤ መንገድ የቀረበ ንግግር)



በከፋ ዞን፣ በጨና ወረዳ፣ በዋጫ ከተማ ከሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት ወደ ቦንጋ የሚላክ ደብዳቤ ጉዞውን የሚጀምረው ከመዝገብ ቤት ነው። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ለደብዳቤው ቁጥርና ቀን ሰጥታ በካኪ ፖስታ ትከተዋለች፤ ክዳኑን በሙጫ ታሽጋለች፤ ማኅተም ታሳርፍበታለች፤ በመላኪያ መዝገቡም ላይ ታሰፍረዋለች። ተላላኪው፣ ወይም ለሥራ ጉዳይ ወደ ዞኑ የሚሄድ ሌላ ሠራተኛ፣ ይዞት ቦንጋ ሲደርስ ተቀባዩ መሥሪያ ቤት በመዝገቡ ላይ ይፈርማል። ፖስታው ይቀደዳል፤ ደብዳቤው ወደ ፋይል፣ ፖስታው ወደ ቅርጫት ይገባል። ተላላኪው ግን ወደ ዋጫ ይመለሳል፤ መዝገቡም አብሮት ይመለሳል። ከተጓዙት ሁሉ ሳይመለስ የሚቀረው መያዣው ብቻ ነው።

ደጋግሞ የሚያገለግል ፖስታ የመንደፍ ጉዳይ በተነሣ ቁጥር ውይይቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩረው በጥሬ ዕቃው ላይ ነው። ጨርቅ ይሻላል ወይስ ፕላስቲክ፤ ስፌት ይሻላል ወይስ ሙጫ፤ ስንት ጊዜ ታጥፎ ስንት ጊዜ ይዘረጋል የሚለው ጥያቄ ይቀድማል። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ቦታው ሁለተኛ ነው። ዕቃው ምንም ያህል ጠንካራ ቢሆን የሚመለስበት መንገድ ከሌለው ዋጋው የተወደደ ቆሻሻ ከመሆን አያልፍም። መንገዱ ካለ ግን መናኛ የሚባለው ዕቃ እንኳ ሥራውን ይሠራል።

ይህ አሳብ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። በቀድሞው ዘመን መልእክተኛ ደብዳቤን ይዞ የሚሄደው በተሰነጠቀ በትር ጫፍ አጣብቆ ነበር፤ በትሩም የመልእክተኛነቱ ምልክት ሆኖ በየመንገዱ ያሳልፈው ነበር። ደብዳቤው ለባለቤቱ ይደርሳል፣ በትሩ ከመልእክተኛው ጋር ይመለሳል። ከሰንደዶና ከአክርማ ተሰፍቶ ቆዳ የሚለብሰው አገልግልም ቢሆን ለመንገደኛ ስንቅ፣ ለዘመድ ቤት ደግሞ ምግብ ተሸክሞ የሚሄድና የሚመለስ መያዣ ነው። የሰውን ዕቃ ማስቀረት የሚያሳፍር በመሆኑ አገልግል ያለ ደንብና ያለ ቅጣት ወደ ባለቤቱ ሲመለስ ኖሯል። በከፋም ቂጣውና ቅቤው የሚጠቀለልበት የእንሰት ቅጠል በበኩሉ የሚመልሰው ሰው አያስፈልገውም፤ ወደ ጓሮው አፈር ይገባል። ችግር የተፈጠረው በሁለቱ መካከል ላለው፣ ማለትም ለማይበሰብሰውም ለማይመለሰውም መያዣ ነው።

የኢትዮጵያ የፖስታ አገልግሎት በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን በ1886 ዓ.ም. ተመሠረተ። በ1901 ዓ.ም. ደግሞ አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ1874 በበርን ከተማ የተቋቋመው የዓለም የፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። በዚህ ኅብረት አሠራር ውስጥ ለንድፍ ባለሙያ ትልቅ ትምህርት የሚሰጥ አንድ ተራ ነገር አለ፤ እርሱም የፖስታ ከረጢቱ ነው። ከረጢቱ ላይ የባለቤቱ አገር የፖስታ አስተዳደር ስም በግልጽ ይጻፋል። መድረሻው የሚጻፈው ግን በከረጢቱ ላይ ሳይሆን በአንገቱ በሚታሰር ካርድ ላይ ነው። አፉ በገመድ ታስሮ ይታሸጋል። ደብዳቤው ከተራገፈ በኋላ ባዶው ከረጢት ወደ ባለቤቱ አገር ይመለሳል። እንግዲህ ደጋግሞ የሚያገለግል መያዣ ከመቶ ዓመት በላይ በፖስታ ቤቱ ጓዳ ውስጥ ሲሠራ ቆይቷል ማለት ነው። የባለቤት ስም የማይጠፋ፣ የመድረሻ ስም የሚለወጥ፣ ማሸጊያው ከመያዣው አካል የተለየ መሆኑ፣ ባዶውን የመመለስ ግዴታም መኖሩ የንድፉ አራት ምሰሶዎች ናቸው። የሚገርመው ከረጢቱ ይህን ሁሉ ሲያሟላ በውስጡ የተሸከማቸው ፖስታዎች በሙሉ በአንድ ጉዞ የሚቀደዱ መሆናቸው ነው።

በሌሎች አገሮች ፖስታውን ራሱን ለመመለስ የተደረጉ ሙከራዎች አሉ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወረቀት በጠፋባት ብሪታንያ ያገለገለው ፖስታ አዲስ አድራሻ የተጻፈበት የቁጠባ ወረቀት እየተለጠፈበት እንደገና ይላክ ነበር። በትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ውስጥ የሚዘዋወረው ፖስታ ደግሞ በላዩ ላይ የስም መጻፊያ ሠንጠረዥ፣ በጎኑ ላይ ክብ ቀዳዳዎች፣ በክዳኑ ላይ ክርና ቁልፍ አለው። የፊተኛው ስም ይሰረዛል፣ የሚቀጥለው ይጻፋል፤ ቀዳዳው ፖስታው ባዶ መሆን አለመሆኑን ሳይከፈት ያሳያል። በፊንላንድ እ.ኤ.አ. በ2011 የተጀመረው «ሪፓክ» የተባለው አገልግሎት ዕቃ የተላከበትን ከረጢት ደንበኛው አጣጥፎ በደብዳቤ መጠን ወደ ፖስታ ሣጥን እንዲጥለው አድርጓል። የዚህ ንድፍ ብልሃት ባዶው ሲመለስ ትንሽ መሆኑ ነው።

ወደ አገራችን ሲመጣ ከሁሉ የቀረበው ምሳሌ በየሱቁ በር ላይ የተደረደረው የጠርሙስ ሣጥን ነው። ቢራም ሆነ ለስላሳ መጠጥ በጠርሙስ ወደ ቤት የሚወስድ ሰው ባዶ ጠርሙስ ያመጣል፤ ካላመጣ መያዣ ገንዘብ ያስቀምጣል። መኪናው ሙሉውን ሣጥን አራግፎ ባዶውን ጭኖ ይመለሳል። ቦንጋም ሆነ ዋጫ ያለው ባለ ሱቅ ስለ አካባቢ ጥበቃ ትምህርት ባይወስድም አንድ ጠርሙስ እንዲጠፋበት አይፈቅድም፤ የገባበት ገንዘብ አለና። የፕላስቲኩ የውኃ ጠርሙስ ግን መያዣ አይጠየቅበትምና በየቦዩ ተጥሎ ይታያል። ሁለቱም ጠርሙሶች የሚጓዙት በዚያው መንገድ፣ ብዙ ጊዜም በዚያው መኪና ነው።

ነገሩን በቁጥር መመልከት ይጠቅማል። አንድ ፖስታ በእያንዳንዱ ጉዞ የመጥፋቱ ዕድል ከአምስት አንድ ቢሆን በአማካይ የሚያገለግለው 5 ጉዞ ነው። ከ10 አንድ ቢሆን 10፣ ከ20 አንድ ቢሆን 20 ጉዞ ያገለግላል። የተሠራበት ጨርቅ 200 ጊዜ መታጠፍን የሚችል ቢሆንም ይህ ስሌት አይለወጥም። የፖስታው ዋጋ ከወረቀቱ ፖስታ 12 እጥፍ ነው ብለን ብናስብ፣ ከ10 አንድ የሚጠፋበት መሥሪያ ቤት ይከስራል፤ ከ20 አንድ የሚጠፋበት ያተርፋል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በላቦራቶሪ የሚገኝ አይደለም። የሚገኘው ፖስታው ከተከፈተ በኋላ በማን ጠረጴዛ ላይ እንደሚቀመጥና ተላላኪው ከመውጣቱ በፊት ማን እንደሚያስረክበው በመወሰን ነው።

የዋጫና የቦንጋ መንገድ ለሙከራ የሚመረጠውም በዚህ ምክንያት ነው። በከተማ ውስጥ ከሱቅ ወደ ግለሰብ ቤት በሞተር ብስክሌት የሚላክ ዕቃ መያዣው ከማይታወቅ ሰው እጅ ይገባል፤ አንድ ጊዜ የገዛ ሰው ዳግመኛ ላይገዛ ይችላል። በወረዳና በዞን መካከል ግን ላኪውና ተቀባዩ ዓመቱን ሙሉ የሚተዋወቁ ናቸው። ዛሬ የላከ ነገ ይቀበላል። የሚፈረምበት መዝገብም ቀድሞ አለ፤ ከ«ብዛት» ቀጥሎ «የተመለሰ ባዶ ፖስታ» የሚል አንድ ዓምድ ቢጨመርበት የመመለሻው ሥርዓት ተፈጠረ ማለት ነው። በአገራችን ደብዳቤ በአብዛኛው የሚደርሰው ወደ ቤት ሳይሆን ወደ ፖስታ ሣጥን መሆኑም ለወደፊቱ መልካም አጋጣሚ ነው፤ ባለ ሣጥኑ ደብዳቤውን ለመውሰድ በእግሩ ወደ ፖስታ ቤቱ ስለሚመጣ ባዶውን እዚያው መተው ይችላል። ይሁን እንጂ ከፖስታ ቤት በፊት በመሥሪያ ቤቶች መጀመር የሚሻልበት አንድ የክብደት ምክንያት አለ።

ሳይታጠፍ ኤ4 ወረቀት የሚይዝ ፖስታ ልኩ 229 በ324 ሚሊ ሜትር ነው። ከመደበኛ ወረቀት ሲሠራ 15 ግራም ያህል ይመዝናል። ለተመሳሳዩ ልክ ከነስፌት ማጠፊያው 0.2 ካሬ ሜትር ያህል ጨርቅ ያስፈልጋል። በካሬ ሜትር 250 ግራም ከሚመዝን ሸራ ቢሠራ ባዶው ብቻ 50 ግራም ይደርሳል። የፖስታ ክፍያ የሚተመነው በክብደት ስለሆነ ሸራው በሄደ ቁጥር ያስከፍላል፤ ለተላላኪው ቦርሳ ግን ይህ ልዩነት ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም።

ከሸራው ይልቅ የተሻለ የሚመስለው ጥሬ ዕቃ ሰዎች በተለምዶ «ማዳበሪያ» የሚሉት ከፕላስቲክ ክር የተሸመነው ጆንያ ነው። በካሬ ሜትር ከ60 እስከ 100 ግራም ስለሚመዝን ከእርሱ የሚሰፋ ፖስታ ክብደቱ ከወረቀቱ ጋር ይቀራረባል። ከአንድ የ50 ኪሎ ግራም ጆንያ አራት ፖስታ ይወጣል። እርጥበትን አይመጥም፤ ይህም በዓመት ከ1500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ለሚዘንብበት ለከፋ ትልቅ ጥቅም ነው። እዚያ በክረምት የወረቀት ፖስታ ሙጫው በሣጥን ውስጥ እንዳለ እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ ከዝናብ ያልተጠለለ ተላላኪ የያዘው ፖስታም ማዕዘኑ ይላሽቃል። ጆንያው ጉድለት የለውም ማለት አይደለም። የተቆረጠው ጠርዙ ይተረተራልና ታጥፎ መሰፋት አለበት። ፀሐይ ላይ ከዋለ ክሩ ይደርቅና እየተሰባበረ ይረግፋል። ማዳበሪያ የነበረበት ከሆነ ደግሞ ጨዉ እስኪለቅ መታጠብ ይኖርበታል፤ ስለዚህ የስኳር ወይም የእህል ጆንያ ይመረጣል። ሌላው እንቅፋት የባለሙያ ሳይሆን የባለሥልጣን ነው፦ የመንግሥት ደብዳቤ በጆንያ ተጠቅልሎ ሲመጣ ክብር የጎደለው ሊመስል ይችላል። ለዚህ መድኃኒቱ ክርክር ሳይሆን ጥሩ ስፌት ነው።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ማሸጊያው ነው። ሙጫ ክዳኑን በእያንዳንዱ ጉዞ ያበላሸዋል፤ ዚፕ ይሰበራል፤ የብረት ቁልፍ ይዝጋል። በአካባቢው ከሚገኘው ነገር ሁሉ የሚስማማው ከእንሰት የሚወጣው ቃጫ ተገምዶ ክር፣ የቀርከሃ ቁራጭ ደግሞ ቁልፍ ቢሆን ነው። ነገር ግን ክር የሚፈታ ነገር በመሆኑ ምሥጢር አይጠብቅም፤ የሠራተኛ የቅጣት ውሳኔ ወይም የጨረታ ሰነድ የያዘ ፖስታ መንገድ ላይ ተከፍቶ ቢታሰር ማንም አያውቅም። በዚህ ላይ ያልተማረ ንድፍ በመጀመሪያው ሳምንት እምነት ያጣል፣ መዝገብ ቤቱም ወደ ካኪው ይመለሳል። መፍትሔውን ከፖስታ ከረጢቱ መውሰድ ይቻላል። የክሩ ሁለት ጫፎች ከታሰሩ በኋላ ሁለት ጣት የምታህል የወረቀት ቁራጭ በጫፎቹ ላይ ታጥፋ እርስ በርሷ ትጣበቃለች፤ ማኅተሙም በእርሷ ላይ ያርፋል። ፖስታው ሲከፈት የምትቀደደው ይህች ቁራጭ ብቻ ናት። ሙጫው የፖስታውን አካል አይነካም።

ለአድራሻው በፊቱ ላይ ግልጽ ኪስ ተሰፍቶ 20 ረድፍ ያለው ካርድ ይገባበታል። ላኪው የፊተኛውን ረድፍ በአንድ መሥመር ይሰርዛል፣ ቀጣዩን ይሞላል። ያልተሰረዘ አድራሻ ደብዳቤን ወደ መጣበት ይመልሳልና መሰረዙ ከመጻፉ መቅደም አለበት። ካርዱ ሌላም ጥቅም አለው፦ የተሞሉት ረድፎች ብዛት ፖስታው የሄደበትን ጉዞ ስለሚናገር ለቁጥጥር ሌላ መሣሪያ አያስፈልግም።

ይህ ሁሉ ሲባል መጠኑን ማጋነን አይገባም። የከፋን ቦዮች የሞላው ካኪ ፖስታ አይደለም፤ ፌስታል ነው። ወረቀቱ ይበሰብሳል፤ በየሱቁም የደብተር ወረቀት በርበሬና ስኳር እየተጠቀለለበት ሁለተኛ ሥራ ይሠራል። ስለ ፌስታል በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነው እንዳይመረት ወይም እንዳይገባ አግዶ ነበር። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዲስ አዋጅ ደግሞ ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግለውን የፕላስቲክ ከረጢት ከለከለ። ሕጉ አንዱን መያዣ ሲከለክል በምትኩ የሚመጣው ምን እንደሆነ መንደፍ ግን የዚህ ማኅበር አባላት ሥራ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ፖስታ በቆሻሻው ክብደት ውስጥ ያለው ድርሻ ትንሽ ቢሆንም ላኪው፣ ተቀባዩና መንገዱ የታወቁበት በመሆኑ የመመለስ ሥርዓት በአነስተኛ ወጪ የሚሞከርበት ቦታ ነው። እዚህ ያልተሳካ ነገር በገበያ ይሳካል ብሎ መጠበቅ ያስቸግራል።

ሙከራው የሚጠይቀው ብዙ አይደለም። 25 ጆንያ ቢገኝ 100 ፖስታ ይሰፋል። በእያንዳንዱ ላይ ተራ ቁጥርና «የጨና ወረዳ» የሚል የባለቤት ስም በማይለቅ ቀለም ይጻፋል። ጊዜው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ዝናብ ውስጥ ቢሆን ይመረጣል፤ በበጋ የሚሠራ ፖስታ ስለ ከፋ ብዙ አይናገርምና። በመስከረም መጨረሻ የተመለሱት ይቆጠራሉ፣ ካርዶቻቸው ወጥተው ረድፎቹ ይደመራሉ። ያልተመለሱት ደግሞ በመላኪያ መዝገቡ እየተፈለጉ በየትኛው መሥሪያ ቤት እንደቆሙ ይታያል። ምናልባት ከጠፉት አብዛኞቹ የሚገኙት በቅርጫት ውስጥ ሳይሆን በአንድ ሰው መሳቢያ ውስጥ፣ ሌላ ወረቀት ይዘው ይሆናል።