ለቅሶ ለሚያውቅ አንባቢ ሁለት የሩሲያ ታሪኮች

ወፍራም መጽሐፍ ጀምራችሁ ለመጨረስ ለምትቸገሩ፣ ዛሬ ሁለት አጫጭር ሥራዎች ልጠቁማችሁ። ሁለቱም የታተሙት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1886 ነው፤ ሁለቱም ስለ ሐዘን ናቸው። ለቅሶ መድረስ ግዴታ በሆነበት አገር ያደገ ሰው ጠለቅ ብሎ የሚያነባቸው ይመስለኛል።

ሊዮ ቶልስቶይ «የኢቫን ኢሊች ሞት» ላይ መርዶውን ገና በመጀመሪያው ገጽ ያረዳናል። ሟቹ የ45 ዓመት ዳኛ ነው። ባልደረቦቹ ሞቱን ከጋዜጣ ሲሰሙ ቀድሞ የሚታሰባቸው፣ የሱን ቦታ ማን ይይዛል የሚለው ነው። ለቅሶ የደረሰውን ወዳጁን ሚስትየዋ ለብቻው ወስዳ፣ ከመንግሥት ተጨማሪ ገንዘብ እንዴት እንደሚገኝ ትጠይቀዋለች። እሱም እንደምንም ተሰናብቶ ካርታ ጨዋታው ላይ ይደርሳል። እኛ ዘንድ ካርታ የሚመዘዘው እዚያው ድንኳኑ ውስጥ ነው፣ ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳያመሽ። እነሱ ግን የሚጫወቱት ከሟቹ ለመሸሽ ነው።

ታዲያ ለመኩራራት አትቸኩሉ። ቀጥሎ ወደ ሕመሙ ዘመን ስንመለስ፣ ቤተሰቡም ሐኪሞቹም እንደሚሞት እያወቁ ይሸነግሉታል። ይህን እኛም እናውቅበታለን። የማይዋሸው ገራሲም የሚባል የገጠር ልጅ ብቻ ነው፤ ሕመሙ እንዲቀልለት የጌታውን እግር ትከሻው ላይ ደግፎ ያመሻል። የመጽሐፉ ልብ ለኔ እዚህ ጋ ነው።

ሁለተኛው አንቶን ቼኾቭ በ26 ዓመቱ ያሳተመው «ሐዘን» ነው፤ ጥቂት ገጾች ብቻ። ኢዮና በፒተርስበርግ በረዶ ላይ በፈረስ ሰው የሚያመላልስ ሽማግሌ ነው። ልጁ በዚያው ሳምንት ሞቶበታል። ለተሳፋሪው ሁሉ ሊናገር ይሞክራል። አንዱ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ሌላው ሁላችንም ሟች ነን ብሎ ይዘጋዋል። ጎረቤት ሳይጠራ በሚመጣበት ሰፈር የኖረ ሰው ይህን ሲያነብ ደረቱ ይጠብበዋል። በመጨረሻ ለማን እንደሚናገር አልነግራችሁም።

እናንተ ከቼኾቭ ጀምሩ፤ ቡና እስኪፈላ ያልቃል፣ ጮክ ተብሎ ሲነበብም ያምራል። የቶልስቶይ ሁለተኛና ሦስተኛ ምዕራፍ፣ ሹመቱንና የቤቱን ዕቃ ሲዘረዝር፣ ሊያሰለቻችሁ ይችላል። አትዝለሉት። ሰውዬው መጋረጃው እንዴት እንደሚሰቀል ሊያሳይ መሰላል ላይ የሚወጣው እዚያ ነው።