የሙዚቃ ድርሰት ለቪዲዮ ጨዋታ፤ የግል ባለሙያው ሥራና መብት



አንድ የሙዚቃ ደራሲ ለመድረክ፣ ለሸክላ ወይም ለፊልም በሚሠራበት ጊዜ አስቀድሞ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ሥራው የሚጀመርበትና የሚያልቅበት ጊዜ ነው። ዘፈኑ አራት ደቂቃ ከሆነ አራት ደቂቃ ነው፤ የፊልሙ ትዕይንት ሁለት ደቂቃ ተኩል ከሆነ ሙዚቃው ከዚያ አያልፍም። ለቪዲዮ ጨዋታ የሚሠራ ደራሲ ግን ይህ ዕውቀት የለውም። አንዱ ተጫዋች ከጨዋታው አንድ ክፍል በሃያ ሴኮንድ ይወጣል፤ ሌላው መንገዱ ጠፍቶት እዚያው ግማሽ ሰዓት ይቆያል። ሙዚቃው ለሁለቱም የሚስማማ መሆን አለበት። የዚህ ንግግር ዓላማ ይህ የጊዜ ጉዳይ በድርሰት ሥራ ላይ የሚያስከትለውን ለውጥ መግለጽ፣ እንደዚሁም ከደመወዝ ውጪ በግሉ የሚሠራ ሙዚቀኛ ከመጀመሪያው ኖታ በፊት ሊወስናቸው የሚገቡትን ሁለት ጉዳዮች ማስረዳት ነው። አንደኛው ሙዚቃው በጨዋታው ውስጥ እንዴት እንደሚመላለስ፣ ሁለተኛው ሙዚቃው የማን እንደሚሆን ነው።

ነገሩ ለኢትዮጵያ ሙዚቀኛ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ ከሰው መካከል ሲጫወት የዜማውን ርዝመት የሚወስነው ሰዓት ሳይሆን ታዳሚው ነው። ግጥም የሚቀበለው ሰው ሲያገኝ ዜማውን ያራዝማል፤ ሰው ለጭፈራ ሲነሣ ምቱን ያፈጥናል፤ ቤቱ ሲቀዘቅዝ ወደ ትዝታ ይመልሰዋል። ይህን ለማድረግ የሚችለው ዓይኑና ጆሮው በቦታው ስላሉ ነው። የጨዋታ ሙዚቃ ደራሲ ግን ጨዋታው በሚካሄድበት ጊዜ በቦታው አይገኝም። ስለሆነም አዝማሪው አይቶ የሚወስነውን ሁሉ እርሱ አስቀድሞ አስቦ፣ ለመሣሪያው ትእዛዝ አድርጎ መተው ግድ ይሆንበታል። የሙያው ልዩ ጠባይ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

የታሪኩም አጀማመር ይህንኑ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1978 የጃፓኑ ታይቶ ኩባንያ ያወጣው «ስፔስ ኢንቬደርስ» የተባለ ጨዋታ የነበረው ሙዚቃ ወደ ታች የሚወርዱ አራት ወፍራም ድምፆች ብቻ ነበር። መሣሪያው እነዚህኑ አራት ድምፆች ያለማቋረጥ ይደጋግማል። ዳሩ ግን ተጫዋቹ ወራሪዎቹን እየመታ ቁጥራቸውን በቀነሰ መጠን የቀሩት ይፈጥናሉ፤ የአራቱ ድምፆች ምትም አብሮ ይፈጥናል። የተጫዋቹ ሥራ የሙዚቃውን ፍጥነት የሚወስንበት ሥርዓት በዚህ ቀላል መንገድ በብዙ ሕዝብ ዘንድ ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ1985 የኒንቴንዶ ተቀጣሪ የነበረው ኮጂ ኮንዶ ለ«ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ» በደረሰው ሙዚቃም የተጫዋቹ ቀሪ ጊዜ ሲያጥር ዜማው ይፈጥናል። የዚያ ዘመን የኒንቴንዶ መሣሪያ በአንድ ጊዜ ሊያሰማ የሚችለው አምስት ድምፅ ብቻ ነበር፤ ማሪዮ በዘለለ ቁጥርም የዝላዩ ድምፅ ከአምስቱ አንዱን ስለሚወስድ በዚያ ድምፅ የሚጫወተው የሙዚቃ ክፍል ለቅጽበት ይቋረጣል። ቢሆንም ድርሰቱ አልፈረሰም። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በብሔራዊ የድምፅ ቅጂዎች መዝገብ ያሰፈረው የመጀመሪያው የቪዲዮ ጨዋታ ሙዚቃ ይኸው ሆኗል።

ኮንዶ የድርጅት ሠራተኛ ነበር። በግል ለሚሠራው ባለሙያ ይበልጥ የሚቀርበው ምሳሌ በዚያው ዘመን በእንግሊዝ አገር ለልዩ ልዩ የጨዋታ አሳታሚዎች በውል ይሠራ የነበረው ሮብ ሀበርድ ነው። ሀበርድ ይደርስበት የነበረው እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው ኮሞዶር 64 ኮምፒዩተር ሦስት ድምፅ ብቻ የሚያወጣ የድምፅ ቺፕ ነበረው። በሦስት ድምፅ ኮርድ፣ ባስ፣ ከበሮና ዋና ዜማ ለማሰማት የዘመኑ ደራሲዎች አንዱን ድምፅ በከፍተኛ ፍጥነት በኮርዱ ኖታዎች ላይ ያመላልሱት ነበር፤ ጆሮም የተለያዩትን ኖታዎች አንድ ላይ እንደተመቱ አድርጎ ይቀበላቸዋል። ሀበርድ የሙዚቃ ችሎታውን ብቻ ይዞ አልቀረም። ሙዚቃውን በኮምፒዩተሩ የሚያጫውተውን ፕሮግራም ራሱ ይጽፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 ለ«ሞንቲ ኦን ዘ ረን» የደረሰው ሙዚቃ እስከ ዛሬ የሚጠቀሰውም ከዚህ የተነሣ ነው። የመሣሪያውን ጠባይ ያወቀ ደራሲ የመሣሪያውን ጥበት ወደ ራሱ ስልት ለመለወጥ ችሏል።

የቺፑ ጥበት ዛሬ ቀርቷል፤ አንድ ተራ የእጅ ስልክ የሙሉ ኦርኬስትራ ቅጂ ያጫውታል። የጊዜው ጥያቄ ግን እንዳለ ነው። ለዚህ ጥያቄ ከተሰጡት መልሶች ሁለቱ ዋናዎች ናቸው። የመጀመሪያው ሙዚቃውን በአጫጭር ክፍሎች ሠርቶ፣ ጨዋታው በሚያዘው መሠረት ከአንዱ ወደ ሌላው ማሸጋገር ነው። ማይክል ላንድና ፒተር መኮኔል በአሜሪካው ሉካስአርትስ ኩባንያ የፈጠሩትና እ.ኤ.አ. በ1991 በወጣው የ«መንኪ አይላንድ» ሁለተኛ ክፍል ላይ የዋለው ሥርዓት የዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። በዚያ ጨዋታ ተጫዋቹ ከመንደሩ መንገድ ወደ አንድ ቤት ሲገባ ሙዚቃው ተቆርጦ በሌላ አይተካም፤ በምቱ ላይ ተስማሚ ቦታ ጠብቆ ወደ ቤቱ ዜማ ይገባል፤ ሰውየው ሲወጣም እንዲሁ ይመለሳል። ሁለተኛው መንገድ አንዱን ሙዚቃ በንብርብር መሥራት ነው። ክራሩ፣ ባሱ፣ ከበሮውና ዋሽንቱ በየራሳቸው ተቀርጸው በእኩል ምት ይጓዛሉ፤ አደጋ ሲቀርብ ከበሮው ይከፈታል፤ ሰላም ሲሆን ክራሩ ብቻውን ይቀራል። ኤፍሞድና ዋይዝ የተባሉት የዛሬ ፕሮግራሞች ሁለቱንም ዘዴዎች የሚያስተናግዱ ሲሆኑ፣ አነስተኛ በጀት ላላቸው ሥራዎች ያለ ክፍያ የሚፈቀዱበት ሁኔታ አለ። በግሉ የሚሠራ ሙዚቀኛ ከእነዚህ አንዱን ማወቁ ከፕሮግራመሩ ጋር በአንድ ቋንቋ እንዲነጋገር ያስችለዋል።

በአገራችን ቅኝቶች ለሚደርስ ሰው የንብርብሩ ዘዴ የሚሰጠው አንድ ጥቅም አለ። በአንድ ቅኝት ውስጥ የቆዩ ንብርብሮች ቢደራረቡም ቢለያዩም እምብዛም አይጋጩም። ይሁን እንጂ ከትዝታ ወደ አንቺሆዬ በድንገት ማለፍ ቢያስፈልግ በመካከል መሸጋገሪያ የሚሆን አጭር ክፍል መድረስ ይገባል። ማሲንቆም ድምፁ በጣት አቀማመጥ የሚወሰን መሣሪያ ስለሆነ፣ ከኪቦርድ ጋር የሚደረብ ከሆነ መቃኛው ከቅጂው በፊት መወሰን አለበት። የአንዱ ንብርብር ጉድለት ሌሎቹ ሲዘጉ ገሃድ ይወጣልና።

ቀጥሎ የሚመጣው የዝግጅቱ ሥራ ነው። በጨዋታ ውስጥ አንድ ሙዚቃ መጨረሻው ከመጀመሪያው ጋር ተገጥሞ ይዞራል። ብዙ ጀማሪዎች የሚሰናከሉትም በዚህ መገጣጠሚያ ላይ ነው። የመጨረሻው ምት ያስተጋባው ድምፅ ከተቆረጠ ጆሮ ስፌቱን ወዲያው ያውቀዋል። ስለዚህ የማስተጋባቱ ጭራ በመጀመሪያው ምት ላይ እንዲወርድ ሆኖ መዘጋጀት አለበት። እንደዚሁም ኤምፒ3 የተባለው የፋይል ዓይነት ሲታመቅ በጫፉ ላይ ጥቂት ዝምታ ስለሚጨምር ለሚዞር ሙዚቃ አይመችም፤ ለዚህ ዋቭ ወይም ኦግ የተባሉት ይመረጣሉ። ሌላው መታወስ ያለበት ሙዚቃው የሚሰማበት መሣሪያ ነው። በትልቅ ድምፅ ማጉያ የሚያምር የከበሮ ወፍራም ድምፅ በእጅ ስልክ ድምፅ ማጉያ ፈጽሞ ላይሰማ ይችላል። በመሆኑም ሥራው ከመሰጠቱ በፊት በተራ ስልክ፣ የጨዋታው ልዩ ልዩ ድምፆች እየተሰሙ መፈተን አለበት። ብቻውን ሲሰማ የሞላ የሚመስል ሙዚቃ ከጨዋታው ድምፆች ጋር ሲሆን የሚያጨናንቅበት ጊዜ ብዙ ነው።

ዝምታም ከድርሰቱ ክፍሎች አንዱ መሆኑ ሊረሳ አይገባም። ጀርመናዊው ዳንኤል ሮዘንፌልድ ለ«ማይንክራፍት» የደረሳቸው ሙዚቃዎች ያለማቋረጥ አይጫወቱም፤ አንዱ ሲያልቅ ረዘም ያለ ዝምታ ይከተላል፤ ከዚያም ሌላው ሳይታሰብ ይመጣል። ሰው ለብዙ ሰዓት የሚቆይበት ጨዋታ ውስጥ ሙዚቃው ያልሰለቸው አንደኛው ምክንያት ይኸው ነው። ከእነዚህ ሙዚቃዎች የተዘጋጀው እ.ኤ.አ. የ2011 አልበም እ.ኤ.አ. በ2025 ከላይ በተጠቀሰው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት መዝገብ ገብቷል።

ሥራው ትልቅ ስቱዲዮ ይጠይቃል የሚለው አስተያየት በተግባር ተሽሯል። ዳረን ኮርብ እ.ኤ.አ. በ2011 ለወጣው «ባስቲየን» ቅጂውን ያደረገው በኒው ዮርክ መኖሪያ ቤቱ በልብስ ማስቀመጫ ክፍል ውስጥ ነው። ቶቢ ፎክስ እ.ኤ.አ. በ2015 ላወጣው «አንደርቴል» ጨዋታውንም ሙዚቃውንም ራሱ ሠርቷል፤ የሙዚቃው ስብስብ 101 ክፍሎች ያሉት ሲሆን ጥቂት ዋና ዋና ዜማዎች መልካቸውን እየለወጡ በብዙዎቹ ውስጥ ይመላለሳሉ። ኤሪክ ባሮንም እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣውን «ስታርዲው ቫሊ» ከሥዕሉ እስከ ሙዚቃው ብቻውን ሲሠራ ከአራት ዓመት በላይ ፈጅቶበታል። ከእነዚህ ምሳሌዎች የሚወሰደው ትምህርት መሣሪያ ማግኘት ቀላል መሆኑ ብቻ አይደለም። ሦስቱም ከጨዋታው አጠገብ ሆነው የሠሩ ናቸው። ጨዋታው ካለቀ በኋላ ተጠርቶ ዜማ እንዲያለብስ የሚታዘዝ ሙዚቀኛ ስለ ሙዚቃው አመላለስ ሊወስን የሚችለው ጥቂት ነው፤ ስለዚህ በተቻለ መጠን ቀደም ብሎ መግባትን መጠየቅ ይገባዋል።

አሁን ሁለተኛው ጉዳይ፣ ማለትም ሙዚቃው የማን ነው የሚለው ጥያቄ ይነሣል። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2014 የ«ማይንክራፍት»ን አሳታሚ በሁለት ቢሊዮን ተኩል ዶላር ሲገዛ ሮዘንፌልድ የሙዚቃውን መብት በእጁ ይዞ ነበር፤ ስለዚህ ኩባንያው ሲሸጥ ሙዚቃው አብሮ አልተሸጠም። ይህ ሊሆን የቻለው መብቱን ቀደም ሲል ሳያስተላልፍ በመቆየቱ ነው።

በኢትዮጵያ ለሚሠራ ሙዚቀኛ ይህ ነጥብ ይበልጥ ይጠነክራል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ይሁን እንጂ ሥራው በቅጥር ወይም በአገልግሎት ውል ታዝዞ የተሠራ ከሆነ፣ ሌላ ስምምነት እስከሌለ ድረስ፣ የኢኮኖሚ መብቱ የመጀመሪያ ባለቤት አሠሪው ወይም አዛዡ ነው። የሞራል መብቱ፣ ማለትም ደራሲነቱ እንዲታወቅለት የመጠየቅ መብቱ፣ ከደራሲው ጋር ይቀራል። በቃል ስምምነት ወይም በጥቂት መስመር መልእክት ሥራ የሚጀምር ሙዚቀኛ ከዜማው ወደፊት የሚገኘውን ገቢ ሳያውቀው ለሌላ ሊያስተላልፍ ይችላል ማለት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ውሉ መጻፍ ያለበት ሥራው ከመጀመሩ በፊት ነው።

በውሉ ውስጥ ሊሰፍሩ የሚገቡት ነጥቦች ብዙ አይደሉም። የሚሰጠው ሙዚቃ ስንት ደቂቃ እንደሆነና በስንት ንብርብር እንደሚከፈል፤ ማሻሻያ እስከ ስንት ጊዜ እንደሚደረግ፤ ክፍያው በምን በምን ጊዜ እንደሚፈጸምና ጨዋታው መንገድ ላይ ቢቀር ለተሠራው ምን እንደሚከፈል ይጻፋል። ክፍያ በተጠናቀቀ ደቂቃ ሲታሰብ ንብርብሩ መቆጠር አለበት፤ ሁለት ደቂቃ በአራት ንብርብር የሁለት ደቂቃ ሥራ አይደለምና። ከሁሉም በላይ ሙዚቃው ጨርሶ የሚሸጥ ነው ወይስ ለጨዋታው መጠቀሚያ ብቻ የሚፈቀድ የሚለው ይለያል። ሁለቱም ሕጋዊ መንገዶች ናቸው፤ ዋጋቸው ግን አንድ ሊሆን አይገባም። ጀማሪ የጨዋታ ሠሪ ሙሉውን ዋጋ መክፈል ባይችል፣ ሙዚቀኛው ጥቂት ገንዘብ ተቀብሎ አልበሙን በራሱ ስም የማሳተም መብቱን ሊያስቀር ይችላል። ከሌላ ሰው ጋር የተቀረጸ ማሲንቆ ወይም ድምፅ ካለም የዚያ ተጫዋች የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የከዋኙም መብት በዚያው አዋጅ የተጠበቀ ነውና።

አንድ አዲስ ችግር ደግሞ መጠቀስ አለበት። ተጫዋቾች ጨዋታቸውን ቀርጸው በዩቲዩብ ያሳያሉ፤ ይህም ለጨዋታው ማስታወቂያ ነው። ሙዚቀኛው አልበሙን የሚያሰራጭለት ድርጅት ሙዚቃውን በዩቲዩብ መለያ ሥርዓት ካስመዘገበ ግን በእነዚህ ሰዎች ቪዲዮ ላይ የመብት ጥያቄ በራሱ ይነሣል፤ የጨዋታው ባለቤትና ሙዚቀኛውም ሳይፈልጉ ይጋጫሉ። ይህም ቢሆን በውሉ ውስጥ በአንድ መስመር የሚፈታ ነው።

በአገራችን የመስኩ ሥራ ተጀምሯል። እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ መጨረሻ በአዲስ አበባ የተቋቋመው ቅኔ ጌምስ «ኩኩሉ» የተባለውን የስልክ ጨዋታ ለሕዝብ አቅርቧል። በዓለም ደረጃም የግራሚ ሽልማት ድርጅት ለጨዋታ ሙዚቃ ለብቻው የተመደበ ሽልማት እ.ኤ.አ. በ2023 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ ተሸላሚዋ ስቴፋኒ ኢኮኖሙ ሆናለች። ስለዚህ ማኅበሩ ሊያደርግ የሚችለው ሁለት ተጨባጭ ነገር አለ። አንደኛ፣ ከላይ የተዘረዘሩትን ነጥቦች የያዘ የናሙና ውል በአማርኛ አስጽፎ ለአባላቱ ማደል፤ ሁለተኛ፣ ሙዚቀኞችንና የጨዋታ ፕሮግራመሮችን ገና ጨዋታው በንድፍ ላይ ሳለ የሚያገናኝ መድረክ በየዓመቱ መክፈት። ውሉ የሕግ ባለሙያ የጥቂት ቀናት ሥራ ነው። መድረኩም ከአንድ አዳራሽና ከአንድ ጥሩ ድምፅ ማጉያ የበለጠ አይጠይቅም።