«ቀላል ነው» አትበሏት
መናገሻ ሱባ ጫካ ገብታችሁ ታውቃላችሁ? ከጽዱና ከዝግባው ሥር፣ እስከ ፏፏቴው ድረስ፣ ሁሉም ጎበዝ ነው። ፎቶም ይነሣል። ወደ ወጨጫ ተራራ አናት ሲወጣ ግን ድንጋዩ ይመጣል። እጅም እግርም ይፈልጋል። ያኔ ቀድሞ የወጣው ዞር ይልና «ና እንጂ፣ ቀላል ነው!» ይላል። ለእሱማ ቀላል ነው፤ አልፎታላ! ታች የቀረው ግን ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል፤ የሚይዘው ጠፍቶታል። «ቀላል ነው» አያወጣውም። «ግራ እግርህን እዚያች ስንጥቅ ላይ፣ እጅህን እዚህ» ያወጣዋል።

መሥሪያ ቤትም እንዲሁ ነው። አዲስ የተቀጠረችው ልጅ ኮምፒውተሩ ፊት ስትጨነቅ «ቀላል ነው» ብለን እናልፋለን። እባካችሁ፣ ዛሬ አትለፏት። ወንበር ሳቡና አጠገቧ ቁጭ ብላችሁ አሳዩአት።